ክርክር፦ የባቢሌ መንገድ ዳር የግመል ወተት ይከልከል ወይስ ይቆይ?

የከዚራው፦ ባለፈው እሁድ አምስት ሆነን ከድሬ ወጣን። ደንገጎን ወጥተን፣ ዓለማያ ሻይ ጠጥተን፣ የአወዳይን የጫት ግርግር እንደምንም ሰንጥቀን ሐረር ደረስን። እዚያ ሳንቆም 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ጅጅጋ መስመር፣ ባቢሌ። መኪናው ገና ሳይቆም አንዲት እናት ጣሳ ይዛ መስኮቱ ላይ ደረሰች። ቢጫ ጀሪካን ነው፣ አፉ በፌስታል የተወተፈ። ቀዳችልኝ፣ ጠጣሁ፤ ጣሳውን ባልዲ ውስጥ ለቅለቅ አድርጋ ለጓደኛዬ። ማታ ድሬ ስንገባ ሦስታችን ሽንት ቤት ወረፋ ይዘናል። አቋሜ ይሄ ነው፦ ጥሬ ወተት መንገድ ዳር መሸጥ ይከልከል። አፍልቶ የሚሸጥ ይሽጥ። የምትቃወሙ ተናገሩ።

የሳቢያን ልጅ፦ ኧረ አቦ! የግመል ወተት ያልለመደውን ጠራርጎ እንደሚያወጣ ያልነገረህ ሰው አለ? ስንት ጣሳ ጠጣህ?

የከዚራው፦ ሁለት። እሺ፣ ሦስት።

የሳቢያን ልጅ፦ በቃ፣ ክርክሩ አለቀ።

ነርሷ፦ አላለቀም። ያንን ቀን ማታውኑ ያሰቃየህ ወይ የወተቱ ብዛት ነው ወይ የባልዲው ውሃ። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው፤ ብሩሴላ፣ ከታመመ እንስሳ በጥሬ ወተት የሚተላለፍ ባክቴሪያ። እሱ ከጠጣህ ከሳምንታት፣ አንዳንዴም ከወራት በኋላ ነው የሚመጣው። ትኩሳቱ ሄድ መለስ ይላል፣ ማታ ማታ ያልብሃል፣ ወገብና መገጣጠሚያህን ይቆረጥምሃል። ወባ ነው፣ ታይፎይድ ነው እየተባለ የሚመላለስ ስንት ሰው አይቻለሁ። ወተቱን ማንም አያስታውሰውም። 72 ዲግሪ ላይ 15 ሰከንድ ቢቆይ ግን ይሞታል። ቤት ውስጥ አንዴ ገንፈል ካለ በቂ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦ የፈላ የግመል ወተት ማን ይጠጣል? ጣዕሙ እኮ ጭሱ ነው።

የጅጅጋ መስመር ሹፌር፦ እናቴ ወተት ሸጣ ነው ያሳደገችኝ፤ ስለዚህ ላውራ። ድሮ ወተቱ ጀሪካን አያውቅም። ከእንጨት በተሠራው ዕቃ ውስጥ የወይራ ፍም ይከታል፣ ክዳኑ ይገጠማል፣ ዕቃው ይወዘወዛል። አመዱ ተጠርጎ ሲወጣ ውስጡ ጠቁሮ ይሸታል። ያ ጭስ ነው ወተቱን ሳይበላሽ የሚያቆየው። ፕላስቲክ ላይ ፍም ብትከት ይቀልጣል። ነገሩን ያበላሸው ጀሪካኑ ነው፣ ሴቶቹ አይደሉም። ብትከለክሉትም ከአስፋልቱ ወደ ጓሮ ይገባል እንጂ አይቀርም። አሁን ቢያንስ ፀሐይ ላይ ነው፣ ታየዋለህ። ደግሞ በእኛ ቤት ግመሏ የአባቴ፣ የወተቱ ሳንቲም የእናቴ ነበር። ስኳሩም፣ ዱቄቱም፣ የእኔ ደብተርም ከዚያች ሳንቲም ነው።

የከዚራው፦ ወንድሜ፣ እናት እያልክ አፋችንን አትዝጋ። እኔም እናት አለችኝ፣ ያን ዕለት ማታ ሙቅ ስታፈላልኝ ያደረች።

ነርሷ፦ ሹፌሩ ስለ ጀሪካኑ ልክ ነው። ጭሱ ግን ያቆያል እንጂ ብሩሴላን አይገድልም። ሌላም አለ። የስንት ቤት ወተት ነው አንድ ጀሪካን ውስጥ የሚገለበጠው? አንዲት የታመመች ግመል ካለች ሁሉም ተነካ ማለት ነው። እኔም ክልከላ አልልም፤ ዳስ ይሠራላቸው፣ ንጹህ ውሃ ይግባላቸው፣ የሚታጠብ የብረት ማሰሮ ይኑራቸው። ማፍላቱን የገዛው ቤቱ ያፍላ።

የከዚራው፦ መኪና ውስጥ የቱ ጋ ነው የማፈላው?

ጆጎል፦ እኔ የገረመኝ ሁላችሁም ወተቱ ላይ መረባረባችሁ ነው። እግረ መንገዳችሁን በጆንያ የሸመታችሁት ለውዝስ? በደንብ ሳይደርቅ ጆንያ ውስጥ የታጨቀ ለውዝ ይሻግታል፣ ሻጋታው አፍላቶክሲን የሚባል መርዝ ያወጣል፣ አፍላቶክሲን ጉበት ነው የሚበላው። ብትቆሉትም ሙልጭ ብሎ አይጠፋም። እኔ የተጨማደደውንና ቀለሙ የተለወጠውን ለቅሜ ሳልጥል አልቆላም። ማታውኑ ሽንት ቤት ስለማያስሮጣችሁ ግን ለውዝ ይከልከል የሚል አልሰማሁም። የግመሏ በደል ቶሎ መናገሯ ነው።

የሳቢያን ልጅ፦ ጆጎል ዛሬ ጨረሰችን ወላሂ! ቤት ሁለት ኪሎ አለኝ፣ አሁን ልለቅም ነው።

የከዚራው፦ ለውዙን ተቀብያለሁ። ወተቱ ላይ ግማሽ መንገድ እመጣለሁ፤ ክልከላው ይቅር፣ ግን ያ ባልዲ እስካለ ድረስ በዚያ ጣሳ አልጠጣም። በሚቀጥለው የራሴን ኩባያ እይዛለሁ።

ነርሷ፦ ኩባያው ከተቅማጡ ያድንህ ይሆናል። ብሩሴላው ያው ነው።

የጅጅጋ መስመር ሹፌር፦ እሁድ እኔ እወስዳችኋለሁ፣ ቁርሱ እናቴ ቤት ነው። ነርሷ የፈለገችውን ታፍላ፣ ምድጃ አለ። ብቻ የተፈላውን እናቴ እንዳታይ፣ ወተት ገደሉ ብላ ታለቅሳለች።