በቡና መሬታችን ያለውን የድንጋይ ጉብታ እንዴት እናድነው?

የጅሬኗ፦
ሰላም ቤተሰብ። ከጅማ ወጣ ብሎ አያቴ የተዉልን የቡና መሬት አለ። መሃሉ ላይ ክብ የድንጋይ ጉብታ አለ። ከፍታው ከሰው ደረት አያልፍም። ዙሪያውን ትልልቅ ጥቁር ድንጋዮች ጎን ለጎን ቆመው አቅፈውታል፤ ውስጡ ግን ደቃቅ ድንጋይ ነው። አናቱ ላይ ዋንዛ በቅሎበታል። አያቴ "የጥንት ሰዎች መቃብር ነው" እያሉ በሬ አያስጠጉበትም ነበር። አሁን አንድ ባለ አይሱዙ ድንጋዩን ለቤት መሠረት ልግዛ እያለ አጎቴን እየጎተጎታቸው ነው። ጎረቤት ደግሞ ወርቅ አለበት ይላል። አጎቴ ልባቸው ሸፍቷል። እኔ አንዲት ጠጠር እንድትነሳ አልፈልግም። ምን ብዬ ላሳምናቸው? ለማንስ ላመልክት?

የመንዝ ልጅ፦
እህቴ፣ እንኳን ሳይነካ ጠየቅሽ። አርኪዮሎጂ ነው የተማርኩት። ከማሳ የተለቀመ ድንጋይም ስለሚከመር፣ ባለሙያ ሳያየው መቃብር ነው ማለት አይቻልም። ግን ገበሬ ድንጋይ ሲለቅም ዙሪያውን ትልልቅ ድንጋይ አያቆምም፤ እሱ ነገር ያጠራጥራል። እኛ አገር መንዝ ውስጥ እንዲህ ያሉ ጉብታዎች ተጠንተዋል። ከ10ኛው እስከ 14ኛው ክፍለ ዘመን የነበሩ ሰዎች መቃብሮች ናቸው፤ ከአፅሙ ጋር የሸክላ ዕቃና የብርጭቆ ዶቃ ተገኝቷል። ጨርጨር ተራሮች ላይም አሉ። ዶቃው ገበያ ቢወጣ ዋጋ የለውም። ከየትኛው አፅም አጠገብ፣ በየትኛው አፈር ሥር እንደነበረ ሲታወቅ ግን ብዙ ይናገራል። አንዴ በአካፋ ከተገለበጠ አበቃ።

የቅርስ ጥናትና አጠባበቅ አዋጅ ቁጥር 209/1992 አለልሽ። በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው ማሳወቅ፣ እስኪረከቡትም ሳይነካ መጠበቅ አለበት። ያለ ፈቃድ መቆፈር ክልክል ነው። ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ አመልክቺ፤ ማመልከቻሽ ላይ ማኅተም አስመቺና ቅጂውን ያዢ። ቦታውን እዚህ እንዳትጽፊ፣ አደራ። ወርቅ ፈላጊ ሌሊት ነው የሚመጣው።

ከቡታጅራ፦
ልጄ፣ ለአጎትሽ ጢያን ንገሪያቸው። 36 ትክል ድንጋዮች ናቸው፤ በ1980 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ ተመዘገቡ። ከሥራቸው የተገኘው አፅም የወጣቶች ነው፣ ከ18 እስከ 30 ዓመት የሚሆኑ። ይህን ማወቅ የተቻለው አፅሙ ቦታው ላይ ስለቆየ ነው። ሰው ያረፈበትን ድንጋይ ለቤት መሠረት መሸጥ ደግሞ ነውር ነው።

የጅሬኗ፦
እግዜር ይስጥልኝ ጋሼ። ለአጎቴ አነበብኩላቸው። "ነውር" የሚለው ላይ ዝም አሉ፤ ከዚያ ባለ አይሱዙውን ደውለው አሰናበቱት። ሰኞ አብረን ወረዳ እንሄዳለን። ዋንዛውንስ እንቁረጠው? ሥሩ ድንጋዩን እየፈለቀቀ ነው።

የመንዝ ልጅ፦
አትንቀሉት! ሥሩ ሲወጣ ከታች ያለውን ሁሉ ይዞ ይወጣል። ባለሙያ እስኪያየው ይቆይ። አዲስ የሚበቅለውን ችግኝ ብቻ፣ ገና ለጋ ሳለ ከአፈሩ በላይ በማጭድ እጨዱት።