ክርክር፦ የካባና የቁፋሮ ተረፈ ምርት ጉዳይ ከፈቃድ በፊት ይወሰን?

አወያይ፦ ሰሜን ሸዋ ውስጥ ለካባ፣ ለክሬሸር (ለድንጋይ መፍጫ) እና ለኦፓል (ለጌጥ ለሚሆን የከበረ ድንጋይ) ቁፋሮ ፈቃድ ከመሰጠቱ በፊት ተረፈ ምርቱ የት እንደሚጣል ይወሰን ወይስ ሥራው ተጀምሮ ይታይ?

የመንዝ ልጅ፦ ሥራው ይቅደም። የመዘዞ ኦፓል ስንቱን ወጣት እንጀራ አብልቷል! እኛ ጋ እንደ ወርቅ ሥራ ሜርኩሪ የለ፣ ሳያናይድ የለ፣ መርዝ አንጠቀም። የድንጋይ ክምር ማንን ገደለ?

ነርሷ፦ ወንድሜ፣ ሥራ ያስፈልጋል፣ አልክድህም። ይሄን ግን አልቀበልም። ድንጋይ ሲፈጭ የሚቦነው አቧራ ብዙ ጊዜ ሲሊካ የሚባል ማዕድን አለበት። ልብስ ላይ የሚያርፈው አይደለም የሚያሰጋኝ፤ በዓይን የማይታየው ነው። ሳንባ ውስጥ ዘልቆ ገብቶ ጠባሳ ይሠራል። ሲሊኮሲስ ይባላል። የሚያድን መድኃኒት የለውም፣ ለቲቢም ያጋልጣል። የክሬሸር ልጆች ሲያስላቸው ነጠላ አፋቸው ላይ አስረው ይመጣሉ። ነጠላ ደቃቁን አያስቀረውም! ክምሩም ቢሆን በበጋ ነፋስ ሲነሳ መንደር ላይ ነው የሚበተነው።

የደብረ ብርሃኑ፦ ልጨምርበት። ናይጄሪያ ዛምፋራ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2010 ቢያንስ 400 ሕፃናት ሞተዋል። ሰው ወርቅ ያለበትን ድንጋይ ግቢው ውስጥ ይፈጭ ነበር። ሕፃናቱን የጨረሰው አቧራው ውስጥ የነበረው እርሳስ የሚባለው መርዛማ ብረት ነው። አለቱ ሰልፋይድ (ድኝ ያለበት ማዕድን) ካለበት ደግሞ ክምሩ ዝናብና አየር ሲያገኘው አሲድ ያመነጫል። አሲዱ እርሳስንና አርሰኒክ የሚባለውን መርዝ እያሟሟ ወደ ምንጭ ያወርዳል። ቁፋሮው ቢቆምም መርዙ አብሮ አይሄድም። የዛምቢያው ካብዌ የእርሳስ ማዕድን ማውጫ እ.ኤ.አ. በ1994 ተዘግቷል፤ ከዚያ በኋላ የተወለዱ ልጆች ደም ውስጥ ሳይቀር እርሳስ ተገኝቷል።

የመንዝ ልጅ፦ እሱ ዛምፋራ ነው። የኛ አለት እርሳስ አለበት ያለ ማን ነው?

ነርሷ፦ ማንም አላለም። ስለዚህ ይመርመራ! አለቱም፣ በታች ያለው ምንጭም፣ ቁፋሮው ሳይጀመር። ኋላ ውሃው ቢበላሽ በፊት እንዴት እንደነበር በምን እናውቃለን? የአካባቢ ተጽዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995 ከወጣ ቆይቷል። አዲስ ሕግ አልጠየቅንም።

የመንዝ ልጅ፦ እሺ፣ ይመርመር። ወጪው ግን በማኅበር የተደራጁ ልጆች ላይ ከተጣለ ሥራው ያኔውኑ ይሞታል። መንግሥት ይሸፍን።

ነርሷ፦ በዚህ እስማማለሁ።

የክሬሸር ሠራተኛ፦ እኔ እዚያው ነው የምውለው። ድንጋዩ ላይ ውሃ ሲረጭ አቧራው ይቀንሳል። ውሃ በቦቴ ስለሚመጣ ግን ይቆጠባል። ጭምብልም ቢሆን ስንጠይቅ ነገ ነው የሚባለው። ሥራው አይዘጋብን፣ ልጆች አሉን። ውሃውና ጭምብሉ ግን ፈቃዱ ላይ ይጻፍልን፣ የማያሟላ ማሽኑን አያስነሳ።