ጀርመን ሱቅ ያላችሁ ድረሱልኝ! የኪሎ ዋጋ ጉዳይ ነው

ባለሱቋ፦
ሰላም ናችሁ? ጀርመን ሱቅ ያላችሁ ቶሎ መልሱልኝ፣ ጨንቆኛል። ዛሬ ጠዋት ከከተማው የመጣች ተቆጣጣሪ መደርደሪያውን አንድ በአንድ ስታይ ቆየችና «ግሩንድፕራይሱ ልክ አይደለም፣ ሰኞ እመለሳለሁ» ብላ ሄደች። ከመሸጫው ዋጋ ጎን የሚጻፈውን የኪሎ ወይም የሊትር ዋጋ ማለቷ ነው። እኔ ግን ጽፌያለሁ! በርበሬው ላይም፣ ሚጥሚጣው ላይም፣ ጥቁር አዝሙዱም ላይ የ100 ግራሙን ዋጋ ከታች አስቀምጫለሁ። እንደገና ላትም ብል ደግሞ ኤክሴሉ አበደብኝ። 400 ግራሙን በርበሬ በ6.50 ነው የምሸጠው፤ ኪሎውን 46,037.50 ዩሮ ይለኛል። ምን ይሻለኛል?

የአራት ኪሎ ልጅ፦
በዚህ ዋጋ ከሆነ ነገ በርበሬ ጭኜ እመጣለሁ። ቪዛውን ብቻ ጨርሺልኝ።

ኮሎኜ፦
ዋጋውን ለግራሙ አካፍይ፣ በ1000 አባዢ። አለቀ።

ባለሱቋ፦
እሱን አድርጌ እኮ ነው 46 ሺህ የመጣው!

ጋሽ መዝገቡ፦
ልጄ፣ መጀመሪያ ነገሩ ለምን እንደመጣ ማወቅ ደግ ነው። የአውሮፓ ኅብረት የኪሎ ዋጋ ይጻፍ የሚለውን መመሪያ ያወጣው እንደ ፈረንጆቹ በ1998 ነው። አንዱ እሽግ 375 ግራም፣ ሌላው 500 ግራም ሲሆን ሸማቹ የትኛው እንደሚረክስ በዓይኑ እንዲያይ ነው። እሽጉ ቀስ እያለ ሲያንስ፣ ዋጋው ግን ባለበት ሲቀመጥ፣ ጉዱን የምታወጣው ይህች ትንሽ ቁጥር ናት። በእኛም አገር አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በግልጽ ይለጥፍ ይላል። ይሁንና ገበያ ብትወጪ ድንቹ በመደብ፣ እህሉ በጣሳ ነው። የአንዱ ጣሳ ጎድጓዳ፣ የሌላው ጠርዙ የተቀጠቀጠ። እዚህ ግን ሚዛን ሕግ ነው።

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ጋሼ፣ ትምህርቱ ጥሩ ነበር፤ ሰኞ ደረሰባት እንጂ።

የሙኒኩ፦
ቆይ፣ ማን ግድ አለሽ? ትናንሽ ሱቆችን አይመለከትም እኮ። አጎቴ ስንት ዓመት ሲነግድ አንዲት ግሩንድፕራይስ ጽፎ አያውቅም። ዝም ብለሽ ተከራከሪያት።

ሒሳብ ያዥ ነኝ፦
ኧረ ወንድሜ፣ ሰው አታስቀጣ! ቅጣቱ እስከ 25,000 ዩሮ ድረስ መሄድ ይችላል። ትንሽ መሆን ብቻውን ነጻ አያወጣም። ትንሽ ሱቅ ሆኖ፣ ዕቃው በአብዛኛው በሻጭ እጅ እየተነሳ የሚሰጥ ከሆነ ነው ነጻ የሚሆነው። ባለሱቋ፣ ያንቺ እንዴት ነው? ደንበኛው ራሱ ያነሳል ወይስ አንቺ ታቀብያለሽ?

ባለሱቋ፦
ራሳቸው ናቸው የሚያነሱት። ቅርጫት ሁሉ አስቀምጫለሁ። ከባንኮኒው ኋላ ያለው ዕጣኑ ብቻ ነው።

ሒሳብ ያዥ ነኝ፦
እንግዲያው ይመለከትሻል። ችግሩ ያለው 100 ግራሙ ላይ ነው። ድሮ እሽጉ ከ250 ግራም ካልበለጠ በ100 ግራም ማስላት ይፈቀድ ነበር። እንደ ፈረንጆቹ ከግንቦት 28 ቀን 2022 ጀምሮ ቀርቷል። አሁን እሽግ ሁሉ በኪሎ፣ ፈሳሽ በሊትር ነው። 100 ግራም ሚጥሚጣ በ3 ዩሮ ከሆነ 30 ዩሮ በኪሎ ብለሽ ትጽፊያለሽ። ከጆንያ እየመዘንሽ የምትሸጪው ካለ እሱ በ100 ግራም ቢሆንም ያስኬዳል። ልክ አንድ ኪሎ የሆነው ሽሮ ላይ ሁለት ጊዜ አትድከሚ፤ ዋጋው ያው የኪሎ ዋጋ ነው። ከ10 ግራም በታች የሆነ እሽግ አያስፈልገውም። ጀበናና ስኒ በቁጥር ስለሚሸጡ ተያቸው።

የቆርቆሮ ሽምብራ ካለሽ ግን ልብ በይ። ቆርቆሮው 400 ግራም ቢልም ውኃው ሲጠነፍፍ 240 ግራም ነው ተብሎ ከተጻፈበት፣ ማስላት ያለብሽ በ240ው ነው። በ1.20 ዩሮ ከሸጥሽው ኪሎው 5 ዩሮ ይሆናል እንጂ 3 አይደለም። ብዙ ሰው የሚያዘው እዚህ ላይ ነው።

ባለሱቋ፦
ሚጥሚጣ ላይ 30 ዩሮ በኪሎ ብዬ ልለጥፍ? ደንበኛው አይቶ ይሮጣል!

የአራት ኪሎ ልጅ፦
ሚጥሚጣ በኪሎ የሚገዛ ሰው ከመጣ ዋጋውን ተዪው፣ አምቡላንስ ጥሪለት።

ኮሎኜ፦
ዋጋ ሲካፈል ለግራም፣ ሲባዛ በ1000። አሁንም አልሠራም?

ወሎዬው ከፍራንክፈርት፦
46,037.50ን ሳያት ገባኝ። ኤክሴልሽ የጀርመንኛው ነው አይደል? 6.50 ብለሽ በነጥብ ጽፈሻል። የጀርመኑ ኤክሴል ሳንቲም የሚለየው በኮማ ነው፤ ነጥብ ሲያይ ቀን ይመስለዋል። ስለዚህ የበርበሬሽን ዋጋ ጁን 1950 ብሎ አንብቦታል። ያ ቀን በውስጥ ቆጠራው 18415 ነው። ለ400 አካፍለሽ በ1000 አባዢው፣ ጉዱን ታያለሽ።

መጀመሪያ የዋጋውን ዓምድ በሙሉ ወደ ቁጥር ቀይሪው። እሱ ብቻ አይበቃም፣ 18415 ብሎ ይቀመጣል። ከዚያ ዋጋዎቹን እንደገና በኮማ ጻፊያቸው፣ 6,50 እያልሽ።

ባለሱቋ፦
16,25 አለ!!! እግዚአብሔር ይስጥህ ወንድሜ! ጠጁስ? ጠርሙሱ 0,75 ሊትር ነው፣ 9 ዩሮ።

ወሎዬው ከፍራንክፈርት፦
12 ዩሮ በሊትር። ስናልፍ አንድ ብርሌ ታስቀምሽናለሽ።

ሒሳብ ያዥ ነኝ፦
ስታትሚ ቁጥሩን በጉንዳን ዓይን አታሳንሺው። ከመሸጫው ዋጋ ጋር አብሮ በቀላሉ መነበብ አለበት። በኋላ ዋጋ ቀንሰሽ አዲስ ስትለጥፊም የኪሎውን አብረሽ ቀይሪ።

ደግሞ ተቆጣጣሪ መምጣቷን እንደ ዕድል ቁጠሪው። በዚሁ ጉዳይ ከተፎካካሪ ነጋዴ ወይም ከማኅበር በጠበቃ በኩል አብማኑንግ የሚባል ደብዳቤ የሚደርሳቸው አሉ። ከነወጪው «ሁለተኛ አልደግመውም ብለህ ፈርም» የሚል ነው። እንዲህ ያለ ከመጣ ቀኑን አታሳልፊ፣ ግን ለሚያውቅ ሰው ሳታሳዪ እንዳትፈርሚ። አንዴ ከፈረምሽ፣ ከዓመታት በኋላ አንዲት ወረቀት ብትረሺ እንኳ ያስከፍልሻል።

የሙኒኩ፦
ለማንኛውም አጎቴን እስካሁን የነካው የለም።

ጋሽ መዝገቡ፦
አጎትህ ዕቃውን ከባንኮኒው ኋላ ነው የሚያስቀምጠው?

ኮሎኜ፦
እኔ በ1000 አባዢ ብዬ ነበር።

ዱሴልዶርፍ ቡና፦
ይቅርታ፣ ጨዋታችሁን ላቋርጥ። እኔ ሱቅ የለኝም፣ በኢንተርኔት ነው የምሸጠው። 250 ግራም ቡና በ6 ዩሮ ብዬ ለጥፌያለሁ። እኔንም ይመለከተኛል?

ሒሳብ ያዥ ነኝ፦
አዎ፣ በኢንተርኔትም ሆነ ዋጋ ባለው ማስታወቂያ ላይ ያው ነው። 24 ዩሮ በኪሎ ብለህ ከጎኑ ጨምር። ለመሆኑ ጥሬ ነው የተቆላ? የተቆላው በኪሎ 2,19 ዩሮ የቡና ግብር አለበት። እሱ ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው።

ዱሴልዶርፍ ቡና፦
ጥሬ ነው። ደንበኛው ራሱ ይቁላ።