ለትንሽ ሞተር ጀልባ ምን ምን ልግዛ?

ሰላም ወገን፣ ግራ ገብቶኛል። እኔና ወንድሜ 15 የፈረስ ጉልበት ሞተር ያላት አሮጌ ጀልባ ገዛን፤ አምስት ሰው ትይዛለች፣ ለሥራ ሳይሆን እሁድ እሁድ ሐዋሳ ሐይቅ ላይ ለመዝናናት ነው። ሻጩ የሰጠን ሁለት የሕይወት አድን ጃኬት ብቻ ነው። የአንዱ ዚፕ አይዘጋም፣ የሌላው ስፖንጅ ጫን ስታደርገው ይፈረፈራል።

ለአምስት ሰው አምስት እንደሚያስፈልግ ገብቶኛል። ግን ልገዛቸው ካየኋቸው አንዱ ላይ 50 ኒውተን (ሰው የማንሳፈፍ አቅሙ ነው)፣ ሌላው ላይ 100 ኒውተን ይላል። 50ው ዋና ለሚችል ነው። እኔ ደግሞ ዋና አልችልም (አትሳቁ፣ እዚሁ ሐይቁ ዳር፣ አሞራ ገደል አጠገብ ነው ያደግኩት)። 100ው ይሻለኛል አይደል?

የባሰው ሞተሩ ነው። ነጂው ውሃ ውስጥ ቢወድቅ ሞተሩን የምታጠፋው ቀይ ገመድ የለችም፤ በሲባጎ ተክተው ሰጡን! ትክክለኛዋን ገመድ የት አገኛለሁ?

ቤንዚን በውሃ ስለማይጠፋ የዱቄት እሳት ማጥፊያ አስቤያለሁ፣ 2 ኪሎው ይበቃል? ፊሽካ፣ መቅዘፊያና ውሃ መቅጃ ጆግ ይዣለሁ። ከሰዓት ነፋሱ ሲነሳ ሞተሩ ቢጠፋብን ብዬ መልህቅም አምሮኛል፣ ወንድሜ ግን «ለመርከብ ነው እንዴ?» እያለ ይስቅብኛል። ሐይቁ ላይ የምትሠሩ፣ እስቲ ንገሩኝ፤ እሁድ ልንወጣ ነው።