ክርክር፦ የናስ ኩባያው ምትሃት በገበያ ቀን ይታይ ወይስ ይቅር?

ጥያቄውን ያነሳው፣ ከደብረ ብርሃን፦

ሰላም ናችሁ ወገኖች። ነገሩን ላልሰማችሁ ባጭሩ ላስረዳ። እዚህ ደብረ ብርሃን ጥቂት ወጣቶች በሦስት የናስ ኩባያና በትናንሽ ኳሶች የሚሠራውን ምትሃት ተለማምደው፣ በገበያ ቀን ሰው በተሰበሰበበት እናሳይ አሉ። ሰፈሩ ለሁለት ተከፈለ። ገሚሱ «መተት ነው» አለ። ገሚሱ «ቁማር ነው» አለ። እኔ ሁለቱንም አይደለም፣ ይታይ እላለሁ። ራሴም በዚሁ ኩባያ የምሠራ ሰው ነኝና የማን ወገን እንደሆንኩ አልደብቅም።

ዕቃው ይኼ ነው። አንድ ልክ የሆኑ ሦስት የናስ ኩባያዎች፣ አፋቸው ሰፋ፣ መቀመጫቸው ጠበብ ያለ። ተደፍተው ሲቀመጡ አናታቸው ላይ ኳስ የምታርፍበት ጎድጎድ ያለ ቦታ አላቸው። ኳሷ ከክር የተጠለፈች ናት፤ ናሱን ስትነካ እንዳትጮኽ። ከአንዱ ሥር ትጠፋና በሌላው ሥር ትገኛለች። ቀጥሎ ሦስቱም ኳሶች አንድ ኩባያ ሥር ይሰበሰባሉ። ማብቂያው ላይ ኩባያው ሲነሳ ድፍን ሎሚ ቁጭ ብሎ ይገኛል። ሰው «በስመ አብ!» የሚለው እዚህ ጋ ነው። ሥራው ግን የጣትና የዓይን ሥራ ነው፣ ሌላ የለበትም።

አዲስ ነገርም አይደለም። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካ በ1ኛው ክፍለ ዘመን በጻፈው ደብዳቤ፣ በኩባያና በጠጠር ሰው ስለሚያዝናኑ ሰዎች አንስቷል። አንዳንዱ ከዚያም ወደ ኋላ ሄዶ በግብፅ ቤኒ ሐሰን መቃብር ግድግዳ ላይ ተሥሏል ይላል። ያ ሥዕል ሌላ ጨዋታ ሊሆን ስለሚችል እኔ በማስረጃነት አላቀርበውም።

ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት፦

ወንድሜ፣ አነጋገርህ ጥሩ ነው። እኔ ግን የደረሰብኝን ልንገርህ። ሽንኩርት ሸጬ ስመለስ መንገድ ዳር ሦስት የለስላሳ ቆርኪ ደፍተው ከሥር ፍሬ የሚያመላልሱ ልጆች ነበሩ። አንዱ መቶ ብር አስይዞ ሁለት መቶ ይዞ ሄደ። ሰውየው የራሳቸው እንደሆነ ማን ነግሮኝ! የቀኑን ሽያጭ ግማሹን እዚያው ጥዬ ገባሁ። አሁን አንተ ቆርኪውን በናስ፣ ፍሬውን በክር ኳስ ለውጠህ ስታመጣው ለእኔ ያው ነው። ከገጠር የመጣ ገበሬ ልዩነቱን በምን ያውቃል? ሰው ክብ ሠርቶ አፉን ከፍቶ ሲያይ ደግሞ ኪስ አውላቂው ከኋላው ነው።

ጥያቄውን ያነሳው፦

እትዬ፣ ስለ ኪስ አውላቂው ያሉት እውነት ነው፤ የድሮ ሰውም አይቶታል። ቦሽ ከሚባለው የኔዘርላንድ ሠዓሊ ስም ጋር የሚያያዝ፣ ወደ 500 ዓመት ገደማ የሆነው ሥዕል አለ። አንድ ምትሃተኛ ጠረጴዛ ላይ ኩባያና ኳስ ዘርግቷል። አንዱ ተመልካች ጎንበስ ብሎ ያፈጣል። ከኋላው የቆመው ሰው ሰማይ ሰማይ እያየ የገንዘብ ከረጢቱን ይወስድበታል። ስለዚህ ጠባቂ ሳይመደብ ሜዳ ላይ አይሠራም። ይኼን እቀበላለሁ።

የቆርኪው ልጅ ግን ሌላ ነው። እሱ «የት ነው?» ብሎ ገንዘብዎን ያስይዝዎታል። ሲጠይቅዎ ፍሬዋ ብዙ ጊዜ በእጁ ናት፤ የትኛውንም ቢያነሱ አያገኟትም። የኛ ሰው ብር አያስይዝም። «አሁን አታልላችኋለሁ» ብሎ ተናግሮ ነው የሚጀምረው። ኩባያውንም ሰው እንዲያገላብጠው ይሰጣል። እንዲያውም ይኼን አይቶ የሄደ ገበሬ ቆርኪው ጋ ሲደርስ እጁን ኪሱ ውስጥ አያስገባም ባይ ነኝ። ዓይኑ ምን ያህል እንደሚታለል በነጻ አይቷላ!

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦

እኔን የሚያሳስበኝ ገንዘቡ አይደለም፤ ሕፃናቱ ናቸው። እንኳን ሎሚ ከባዶ ኩባያ የሚያወጣውን፣ ብረት የሚቀጠቅጠውን ሰው ቡዳ ስንል የኖርን አገር ነን። ያ ስም ስንቱን የእጅ ባለሙያ ከሰው አርቆታል። ነገ አንዱ ልጅ ሲታመም «ያ ኩባያ የያዘው ልጅ አይቶት ነው» ቢባል ማን ይመልሳል? ወጣቶቹን ራሳቸውን ለአደጋ እያጋለጣችሁ ነው።

እንግሊዛዊው ሬጂናልድ ስኮት በ1584 እ.ኤ.አ. ጠንቋይ እየተባሉ ስለሚከሰሱ ሰዎች መጽሐፍ ሲጽፍ፣ የኳስና የሳንቲም ምትሃት እንዴት እንደሚሠራ ገልጦ አሳይቷል። ሰው የጣትን ቅልጥፍና ከሰይጣን ሥራ እንዲለይ ብሎ ነው። እናንተም እንደሱ አድርጉ። መጀመሪያ አሳዩ፣ ቀጥሎ እንዴት እንደሆነ አስረዱ። ይኼን ካላደረጋችሁ እኔ ከተቃዋሚዎቹ ጋር ነኝ።

ጥያቄውን ያነሳው፦

መምህር፣ ስለ ቡዳ ያነሱት ከሁሉም ይከብዳል። ልቤን ነክቶታል። መድኃኒቱ ላይ ግን አልስማማም። ሴኔካ እዚያው ደብዳቤው ላይ የሚያስደስተው መታለሉ ራሱ እንደሆነ፣ ዘዴውን ካወቀው ግን ጨዋታው እንደሚያልፍበት ይናገራል። «ይኼ የእጅ ሥራ ነው፤ ተለማምጄ የቻልኩት ነው» ማለት ይበቃል። እንዴት እንደሆነ መናገር ሌላ ነው። ቦክሰኛ መድረክ ላይ ጡንቻውን ቀዶ አያሳይም።

ግን አንድ መሐል ያለ መንገድ አለ። ፔን እና ቴለር የሚባሉት አሜሪካውያን ይኼንኑ ትርኢት ውስጡ በሚታይ የፕላስቲክ ኩባያ ይሠሩታል። ኳሱ ሲገባ ሲወጣ ይታያል፤ እጃቸው ከመፍጠኑ የተነሳ ሰው መደነቁን አይተውም። ልጆቹ መጨረሻ ላይ አንዷን ኳስ ብቻ ቀስ አድርገው ቢያሳዩ ቅር አይለኝም።

ዲያቆን፣ ከአንኮበር፦

እኔ ደግሞ በዕቃው በኩል ልግባ። ሦስት የሚያብረቀርቁ የናስ ኩባያዎች ነጭ ጨርቅ ላይ ተደርድረው ከሩቅ ሲታዩ ምን እንደሚመስሉ አስባችኋል? ጽናውም ጸናጽሉም ናስ በሆነበት አገር፣ አንዲት እናት ንዋየ ቅድሳት መስሏት ብትደነግጥ አልፈርድባትም። ምትሃቱን ኃጢአት አላልኩም። ታቦት በሚወጣበት ቀንና ቦታ ግን እንዳይታይ። ከሥሩ የሚነጠፈው ጨርቅም ነጭ አይሁን፤ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ይሁን። ኩባያዎቹንም ያን ያህል እንዲያብረቀርቁ ባታደርጓቸው ይሻላል።

ጥያቄውን ያነሳው፦

ዲያቆን፣ ጨርቁንም ቀኑንም ተቀብያለሁ። ስለ ማብረቅረቁ ግን እኔ የምለው ሌላ ምክንያት አለኝ። መስታወት እስኪመስል የተወለወለ ናስ ለኛ ጠላት ነው። የእጃችን ውስጥ በኩባያው ሆድ ላይ ይታያል። የፀሐይ ጨረር ሲያርፍበት ደግሞ ያጭበረብራል። ቆሻሻም አይሁን፤ ጥቁርና አረንጓዴ የያዘ ኩባያ ለተመልካች ስትሰጠው እጁን ይጠርጋል፣ ይጠራጠራል። ለዘብ ያለ ወርቃማ መልክ ነው የሚፈለገው። ቤት ውስጥ በአመድና በሎሚ ስንወለውል ነው የኖርነው። ሙያው ያለው ሰው ቢነግረን ደስ ይለኛል።

የብረታ ብረት ባለሙያ፣ ከደብረ ሲና፦

ልጆቼ፣ ይታይ ይቅር የሚለውን ለእናንተ ልተውና የማውቀውን ልናገር። አመዱን ተዉት። አመድ ውስጥ ደቃቅ አሸዋ አይጠፋም፤ ናሱን ይጭረዋል። የድስት ሽቦማ አይታሰብ። ሎሚና ጨው ጥቁሩን ያነሳል፤ ሥራውም እውነተኛ ነው። ግን ናስ የመዳብና የዚንክ ቅይጥ ነው። ሎሚውን ቀብታችሁ ካቆያችሁት አሲዱ ዚንኩን ይበላውና ናሱ ወደ ቀይ ይሄዳል። ያ ቀይ እድፍ አይደለም፤ ዚንኩ ወጥቶ የቀረ መዳብ ነው። ቶሎ አሽታችሁ ቶሎ በብዙ ውኃ አጥቡት። ትርኢቱ ላይ የምታወጡት ሎሚም ድፍን ይሁን። የተሰነጠቀ ሎሚ ኩባያ ውስጥ አድሮ ከተገኘ ክቡን ቅርጽ ትቶበት ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ አሞኒያን ፍሩ። እንዲህ ያለው ኩባያ ከናስ ላሜራ ቶርኖ ላይ እየዞረ በቅርጽ ተጭኖ የሚወጣ ነው። ሳይሞቅ የተጫኑት ናስ በውስጡ ውጥረት ይዞ ይቀራል። እንግሊዞች ህንድ በነበሩ ጊዜ የጥይት ቀለሃቸው በዝናብ ወራት ከፈረስ ጋጥ አጠገብ ተቀምጦ ያለ ምንም ምት ይሰነጠቅባቸው ነበር። ምክንያቱ ከፈረስ ሽንት የሚወጣው አሞኒያ እንደሆነ በ1921 እ.ኤ.አ. ተብራራ። ደብረ ብርሃን የጋሪ ፈረስ ያለበት ቤት ብዙ ነው። ኩባያውን ከጋጥና ከዶሮ ቤት አርቁት። ከሱቅ የሚገዛ የናስ መወልወያም አንዳንዱ አሞኒያ አለበት። ከተጠቀማችሁ አንዲት ጠብታ እንኳ ሳይቀር በሳሙና አጥባችሁ አድርቁ።

የዘወትሩ እንክብካቤ ቀላል ነው። ከትርኢት በኋላ የእጅ ላቡን ለብ ባለ ውኃና በትንሽ ሳሙና አጥቡ፤ ላብ ውስጥ ያለው ጨው ነው የጣት አሻራውን በናሱ ላይ የሚያስቀረው። በአሮጌ ነጠላ ቁራጭ አድርቁ። ስስ ሰም ብትቀቡት ቶሎ አይጠቁርም። ኩባያው ከፋብሪካው በቀለም አልባ ቫርኒሽ ተሸፍኖ ከመጣ ግን ምንም አትወልውሉት፤ ጨርቅ ብቻ ይበቃል። አንዱን በአንዱ ውስጥ ከማስገባታችሁ በፊት ውስጡን ጠራርጉ። አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ሦስቱንም ትቧጭራለች።

ጥያቄውን ያነሳው፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልን። የፈረሱን ነገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከግብፅም አንድ ትዝ አለኝ። በስዊዝ ቦይ በሚያልፉ መርከቦች ላይ በናስ ኩባያ የሚሠሩ «ጋሊ ጋሊ» የሚባሉ ምትሃተኞች ነበሩ። ማብቂያቸው ሎሚ ሳይሆን ነፍስ ያላቸው ጫጩቶች ነበሩ። ከእኛ አንዱ ይኼን ሲመኝ ነበር። ለጫጩቷም ለናሱም ስል እምቢ እለዋለሁ።

የኛ አገር ብርድም ሥራ አለው። ከ2,700 ሜትር በላይ ነን። ጠዋት ኩባያው ከውጭ ወደ ሞቀ ቤት ሲገባ ላብ ያወጣል። ያኔ ጣት ያዳልጣል፤ የክር ኳሷም ትረጥባለች። ስለዚህ ረፋድ ላይ፣ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ነው መጀመር።

ነጋዴ፣ ከሸዋ ሮቢት፦

ሁሉንም አነበብኩ። ስለ ናሱ የተባለው ጥሩ ነው። የእኔ ጥያቄ ግን ገንዘብ ነው። ልጆቹ በምን ይኖራሉ? ኮፍያ ዘርግተው ከለመኑ መቼ ነው የሚዘረጉት? ኩባያው ሳይነሳ «መቶ ብር ካልሞላ ሎሚው አይወጣም» ካሉ ያው ቆርኪ ነው። ካለቀ በኋላ የወደደ ይስጥ ካሉ ግን እኔም አምስት ብር አልነፍግም።

ጥያቄውን ያነሳው፦

ካለቀ በኋላ ብቻ፣ እትዬ። ይኼን ለልጆቹ በጽሑፍ አስፈርማቸዋለሁ።

መምህር፣ ከመሐል ሜዳ፦

ገበያው ላይ ተሸንፌአለሁ ልበል፣ ትልቅ ሰው ራሱን ይጠብቅ። ትምህርት ቤት ውስጥ ግን ዘዴው ሳይገለጥ እንዲታይ አሁንም አልስማማም። ሕፃን ልጅ «የእጅ ሥራ ነው» ስላሉት ብቻ አያምንም፤ ቤት ሄዶ የሚሰማው ሌላ ነው።

ጥያቄውን ያነሳው፦

እንግዲያው ትምህርት ቤቱን ለጊዜው እንተወው። ገበያው ላይ ግን ከቀበሌው ፈቃድ እንጠይቃለን። አረንጓዴ ጨርቅ፣ ሁለት ጠባቂ፣ ውርርድ የለም፣ ታቦት በሚወጣበት ቀን የለም። መምህር፣ ቢመጡና ከፊት ቆመው ቢያዩ ደስ ይለኛል። ኩባያውን መጀመሪያ የሚያገላብጡት እርስዎ ይሁኑ።