ለፖፑ ሲጸለይ አሜን ይባላል ወይ?

የከዚራ ልጅ፦
ሰላም ለሁላችሁ ይሁን። ድሬ ነው ያለሁት፣ ጴንጤ ነኝ። መስሪያ ቤታችን ውስጥ ረቡዕ ረቡዕ በምሳ ሰዓት የምንጸልይ ሰባት ስምንት ልጆች አለን፣ ከተለያየ ቸርች ነን፣ ቦታው የእቃ ግምጃ ቤቱ ጎን ያለች ክፍል ናት ቬንትሌተር እንኳን የላትም፣ በዚህ ሙቀት እዛ ገብቶ መጸለይ ራሱ እንደ ጾም ይቆጠርልን አቦ። እና ባለፈው ወር አንዲት ካቶሊክ የስራ ባልደረባችን እኔም ልምጣ አለች፣ ነይ አልናት። ሁለት ሳምንት ዝም ብላ ተቀመጠች። ሦስተኛው ላይ መሪያችን ደስ እንዲላት ብሎ "እህታችን ዛሬ አንቺ በጸሎት ዝጊልን" አላት። አማተበች፣ እዛ ላይ ትንሽ ተያየን። ከዛ ስለ ታመሙት፣ ስለ ሀገር ሰላም፣ ስለ ዝናብ ጸለየች፣ ውሸት አልናገርም በጣም የሚነካ ጸሎት ነበር። መጨረሻ ላይ ግን "ስለ ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳችን ስለ ሊዮን፣ ስለ ጳጳሳችንም እንለምንሃለን፣ ጠብቃቸው" አለች። ጸጥ! አሜን የሚል ጠፋ። እኔ ራሴ አፌ ላይ ደርሶ ተመለሰ፣ አንዷ ጉሮሮዋን ጠረገች። እሷም ገባት መሰለኝ አንገቷን ደፍታ ወጣች፣ በቀጣዩ ረቡዕ አልመጣችም።

መሪያችን "ጌታን እስክትቀበል ባትመጣ ይሻላል፣ እነሱ ፖፑን እንደ አምላክ ነው የሚያዩት፣ ከማያምኑ ጋር አትጠመዱ ይላል ቃሉ" አለ። እኔን ግን ከነከነኝ። እናቴ ያረፈች ጊዜ ይቺ ልጅ ሦስት ቀን ሙሉ ድንኳን ውስጥ እንግዳ ስታስተናግድ፣ ማታ ማታ እኛ ጋ ስታድር ነበር፣ ያኔ አትጠመድ ያለኝ የለም። እና አሜን ማለት ነበረብኝ ወይስ አልነበረብኝም? አስተምሩኝ፣ ስድብ ግን አልፈልግም።

ጸጋ_ብቻ፦
መሪህ ልክ ነው። በእግዚአብሔርና በሰው መካከል ያለው መካከለኛ አንድ ነው፣ 1ኛ ጢሞ 2፥5። እነሱ ማርያምን ይለምናሉ፣ ፑርጋቶሪ የሚባል ከሞት በኋላ የሚነጻበት አለ ይላሉ፣ "በምድር ላይ አባት ብላችሁ አትጥሩ" ተብሎ እያለ "ቅዱስ አባታችን" የሚሉት ሰው ሮም ላይ አላቸው። ሰውየዋ ጥሩ ሰው ልትሆን ትችላለች፣ ጥሩ ሰውነት አያድንም። መጀመሪያ ወንጌል ንገራት።

የሳቢያን ሰው፦
ጸጋ ብቻ፣ ግማሹ ላይ ካንተ ጋር ነኝ ግማሹ ላይ አይደለሁም። እኔ መካነ ኢየሱስ ነኝ። መጀመሪያ ለልጁ መልስ፣ አዎ አሜን ይባላል። ጸሎቷን መልሳችሁ እዩት፣ ወደ ፖፑ አልጸለየችም፣ ስለ ፖፑ ነው የጸለየችው። አንተ የጠቀስከው መካከለኛው አንድ ነው የሚለው ቃል እኮ ሦስት ቁጥር ከፍ ብለህ ብታነብ ስለ ነገሥታትና ስለ ባለስልጣናት ጸልዩ ይላል፣ በዛን ጊዜ ሮም የተቀመጡት ቄሳሮች ደግሞ ጭራሽ ክርስቲያን አልነበሩም።

"እንደ አምላክ ያዩታል" የሚባለውንም ተዉት፣ እንደዛ አያስተምሩም። ፖፑ አይሳሳትም የሚለው ትምህርት በፈረንጆች 1870 በመጀመሪያው የቫቲካን ጉባኤ የታወጀ ነው፣ ያለው ሁሉ ልክ ነው ማለት ሳይሆን ስለ እምነትና ምግባር ለመላው ቤተክርስቲያን በይፋ ሲደነግግ አይሳሳትም ነው የሚሉት፣ ከዛ ወዲህ በዚህ መንገድ የተደነገገው 1950 ላይ ፒየስ 12ኛ ስለ ማርያም ማረግ ያወጁት ነው። የኔ ጸብ እንግዲህ እዚህ ጋ ነው። የኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችንም እኮ ፍልሰታን ይጾማሉ፣ ማርያም ማረጓን ያምናሉ፣ በዛ ምክንያት ቡና መጠጣት ያቆምን የለም። የኔ ጥያቄ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ በግልጽ ያልተጻፈን ነገር አንድ ሰው "ይህን ካላመንክ ከእምነት ወጥተሃል" ብሎ ህሊናዬን ማሰር ይችላል ወይ የሚለው ነው። አይችልም ነው የምለው። ኢየሱስ ለጴጥሮስ "በዚህ ዓለት ላይ ቤተክርስቲያኔን እሠራለሁ" ያለው ላይ ዓለቱ የጴጥሮስ ምስክርነት ነው እንላለን እኛ፣ እነሱ ጴጥሮስ ራሱ ነው ይላሉ፣ እሺ ራሱ ነው ልበል፣ ስልጣኑ ለሮም ጳጳስ ተወረሰ የሚለውን ግን ማቴዎስ 16 ላይ አላገኘሁትም። ጴጥሮስ ራሱ በመልእክቱ ለሽማግሌዎች ሲጽፍ እኔም እንደናንተው ሽማግሌ ነኝ ነው ያለው፣ አንጾኪያ ላይ ጴጥሮስ ሲሳሳትም ጳውሎስ ፊት ለፊት ተቃውሞታል።

መዳን በእምነት ስለሚለው ግን ብዙ ሰው ያልሰማው ነገር አለ። የካቶሊኮች የትሬንት ጉባኤ 1547 ላይ የኛን የሉተራኖቹን ትምህርት አውግዞ ነበር፣ አዎ። ግን ጥቅምት 31 ቀን 1999 በፈረንጆች ጀርመን አውግስበርግ ላይ ካቶሊክና የሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን አንድ የጋራ መግለጫ ፈረሙ፣ ሰው በእግዚአብሔር ፊት ተቀባይነት የሚያገኘው በክርስቶስ በማመን በጸጋ ብቻ እንጂ በራሱ ብቃት አይደለም ብለው፣ በመግለጫው ላይ እንደቀረበው የሉተራን ትምህርት የትሬንት ውግዘት አይነካውም ተባለ። መካነ ኢየሱስ በፈረንጆች ከ1963 ጀምሮ የዛ ፌዴሬሽን አባል ናት። ሁሉም ነገር አልቋል አላልኩም፣ የፌዴሬሽኑ አባል ያልሆኑት ቸርቾችም አይገደዱበትም፣ ግን "እነሱ በስራ ነው የሚድኑት" ብሎ መዝጋት አይቻልም።

ደግሞ ስለ አመራር ካወራን ጓዳችንንም እንይ እንጂ። ፖፑ አይሳሳትም ይላሉ ብለን እንስቃለን፣ እኛ ጋ "ጌታ አለኝ" ብሎ መድረክ ላይ የወጣውን አላለህም የሚለው ማነው? የፖፑ ቢያንስ በጽሁፍ አለ፣ አንብበህ ትከራከረዋለህ፣ የኛ ነቢይ ያለውን ነገ ብትጠይቀው እንዲህ አላልኩም ይልሃል።

ጀጎል_ሰፈር፦
ካቶሊክ ነኝ ከሐረር፣ ስድብ ስለሌለ ገባሁ። ቅዳሴ ላይ የፖፑና የሀገረ ስብከታችን ጳጳስ ስም ሁሌም ይጠራል፣ ለሕያዋን ለሙታን ይጸለያል፣ ስለዚህ ልጅቷ አፏ ላይ ያለውን ነው ያለችው፣ ልታስተምራችሁ ወይ ልትፈትናችሁ አይደለም። እኛን ትናንት የመጣን አታድርጉን እንጂ፣ ካፑቺን የሚባሉት የካቶሊክ መነኮሳት ሐረር የገቡት ገና ግብጾች ከተማዋን ይዘው እያለ ነው፣ ከምኒልክ በፊት። ልጅ ተፈሪም ፈረንሳይኛ የተማሩት በነሱ በኩል ነው።

ጸጋ ብቻ፣ ፑርጋቶሪ ሁለተኛ ዕድል አይደለም፣ በጸጋ ያረፈ ሰው የሚነጻበት ነው የምንለው። ማርያምን ደግሞ ለምኚልን ነው የምንላት፣ አንተ ፓስተርህን ጸልይልኝ እንደምትለው። አንድ ነገር ግን አልደብቅም፣ ጸሎት አብረን እንጸልያለን ቁርባን ግን አብረን አንቀበልም፣ ይሄ እኔንም ያመኛል፣ ባለቤቴ ጴንጤ ናት፣ እሁድ እሁድ አንድ ባጃጅ ይዘን ወጥተን መንገድ ላይ እንለያያለን። ጥምቀቷን ግን ቤተክርስቲያናችን ትቀበላለች፣ በውሃ በአብ በወልድ በመንፈስ ቅዱስ ስም የተጠመቀ ወደኛ ቢመጣ ዳግመኛ አይጠመቅም። እኔ ወደሷ ቸርች ብሄድ ግን እንደገና ነው የምጠመቀው፣ የልጅነቱ አይቆጠርም ብለውኛል። ማን ማንን እንደማያምን እዚህ ላይ ቁጠሩት።

ጸጋ_ብቻ፦
ፓስተሬ በህይወት ያለ ሰው ነው፣ ደውዬ ነው የማገኘው። ከሞት በኋላ የሚነጻ ካለ ደግሞ የኢየሱስ ደም ከኃጢአት ሁሉ ያነጻል የሚለው 1ኛ ዮሐንስ ምን ሊሆን ነው? እዚህ ላይ አልስማማም፣ አልስማማምም። ስለ ጥምቀቱ ያልከው ግን አሳስቦኛል፣ እሱን አስብበታለሁ። ስለ አሜኑም የሳቢያኑ ሰው ያለው ይሁን፣ ለባለስልጣን የምንጸልይ ሰዎች ለፖፑ አንጸልይም ማለት አይሆንልንም። ማስተማሩን ብቻ እሷ እንድትመራ አትስጧት ነው የምለው።

የከዚራ ልጅ፦
አመሰግናለሁ ሁላችሁንም። ትናንት ሄጄ አናገርኳት፣ ይቅርታ አልኳት፣ አሜን ሳንልልሽ ቀረን፣ አፈርን አልኳት። ሳቀች። የቀረሁት ተቀይሜ አይደለም አለች፣ ረቡዕ ዕለት እናቷን ሐኪም ቤት ወስዳ ነበር። እኛ ደግሞ ሳምንቱን ሙሉ ስንፈራና ስንጨቃጨቅ! ከዛ ምን ብትለኝ ጥሩ ነው፣ "እናንተስ ሁላችሁም በአንድ ላይ ድምጻችሁን ከፍ አድርጋችሁ ስትጸልዩ እኔ ሁለት ሳምንት የማን ላይ አሜን እንደምል ጠፍቶኝ ነው ዝም ያልኩት።" መሪያችንን ለማሳመን እየሞከርኩ ነው፣ የጢሞቴዎሱን ጥቅስ አሳይቼዋለሁ፣ ልጸልይበት ብሏል።