የሕፃን ምጥን ውስጥ በርበሬ ገብቶብኛል፣ አሁን ምን ላድርግ?

የሕርማታ እናት (ጠያቂ)፦ እባካችሁ ፈጥናችሁ መልሱልኝ። ልጄን ገንፎ እያበላኋት ሳለ በድንገት ጮኻ አለቀሰች፣ የጎረሰችውንም ተፋችው። ከንፈሯ ዙሪያውን ቀልቷል፤ ምላሷን እያወጣች አፏን በእጇ ትጠርጋለች። ምጥኑን ትናንት ያስፈጨሁት ገበያው አጠገብ ካለ ወፍጮ ቤት ነው። ከእኔ ፊት የነበረችው ሴት በርበሬ ስታስፈጭ በዐይኔ አይቻለሁ። ባለ ወፍጮውን «ጠርገኸዋል ወይ?» ብዬ ስጠይቀው «አታስቢ፣ ንጹሕ ነው» ብሎኝ ነበር። እህሉን ራሴ ለቅሜ፣ አጥቤ፣ ቆልቼ ነው የወሰድኩት፤ አምስት ኪሎ ይሆናል። የሱቅ የታሸገ ነገር አፏ ገብቶ አያውቅም፣ የምትበላው ሁሉ ኦርጋኒክ ነው። አሁን አፏን በምን ልጠበው? ዱቄቱስ በሙሉ ይጣላል? ባለቤቴ መንገድ ላይ ነው፣ ቤት ያለነው እኔና አማቴ ብቻ ነን።

ቡና አፍይ፦ ባለ ወፍጮው ልጅቷን ከአሁኑ ዶሮ ወጥ ሊያለማምዳት ፈልጎ ነው። ለማንኛውም ውኃ አታጠጫት፣ የበርበሬ ቃጠሎ በውኃ አይበርድም። ጡት አጥቢያት።

የሦስት ልጆች እናት፦ ጡት ስጫት እህቴ፣ ወተት ያበርደዋል። ከንፈሯን በንጹሕ ጨርቅ ላይ ትንሽ የምግብ ዘይት አድርገሽ ቀስ ብለሽ ጥረጊው፣ ከዚያ ለብ ባለ ውኃ በነከርሽው ሌላ ጨርቅ ድገሚው። በርበሬን የሚያቃጥል የሚያደርገው ነገር የሚሟሟው በቅባት ነው። እጆቿን ግን አሁኑኑ በሳሙና እጠቢ። ዐይኗን ካሸችበት ሌላ ለቅሶ ይጀመራል።

የጅሬን ልጅ፦ ይህን ያህል ምን ያስጨንቃል? የከፋ ነገር አይደለም። ምላሷ ላይ ጠብታ ማር አድርጊላት፣ ወዲያው ዝም ትላለች። የጅማ ማር እያለ!

ተረኛ ነርስ፦ ማር በፍጹም አይሆንም! ዓመት ያልሞላው ሕፃን ማር አይቀምስም፣ የጅማም ይሁን የሌላ። ማር ውስጥ የሚገኝ የባክቴሪያ ዘር በሕፃን አንጀት ውስጥ አድጎ ጡንቻን የሚያዝል መርዝ ሊያመነጭ ይችላል፤ ቦቱሊዝም ይባላል። ማሩን ማፍላትም ዘሩን አይገድለውም።

አንቺ ደግሞ እህቴ ዋናውን ነገር አልነገርሽንም። ልጅቷ ስንት ወሯ ነው? ምጥኑ ውስጥ ምን ምን አለ? ፊቷ ወይም ከንፈሯ አብጧል? ሰውነቷ ላይ ሽፍታ ወጥቷል? ደጋግማ ታስመልሳለች? ትንፋሿ ያጥራል ወይም ሲተነፍስ ድምፅ ያሰማል? ከእነዚህ አንዱን ካየሽ የእኛን መልስ አትጠብቂ፣ ይዘሻት ወደ ቅርብ ጤና ተቋም ሂጂ። እንዲህ ያለው የበርበሬ ጉዳይ ሳይሆን የምግብ አለርጂ ሊሆን ይችላል።

የሕርማታ እናት፦ ሰባት ወሯ ነው። እብጠትም ሽፍታም የለም፣ ትንፋሿ ደህና ነው። ጡት ይዛለች፣ ለቅሶው ቀነስ ብሏል። ምጥኑ ጤፍ፣ ገብስ፣ አጃ፣ ስንዴ፣ በቆሎ፣ ሩዝ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አኩሪ አተር፣ ለውዝ፣ ሰሊጥና ትንሽ አብሽ ነው።

ቡና አፍይ፦ ይህ ምጥን ነው ወይስ የእህል ተራ?

ጡረተኛው መምህር፦ ልጆቼ፣ በእኛ ጊዜ ይህ ሁሉ ጣጣ አልነበረም። እናቶቻችን የልጅን እህል በወፍጮ ድንጋይ በእጃቸው ይፈጩ ነበር፣ የበርበሬው ሙቀጫ ለብቻው ነበር። ዛሬ አንዱ ሞተር ሽሮውንም፣ በርበሬውንም፣ የሕፃኑንም እህል ይውጣል። ከዚያም ሰው «ኦርጋኒክ» እያለ ይኮራል። የዱሮ ሰው ከጓሮው ይበላ ነበር እንጂ ስም አያወጣለትም ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ የዱሮው ሁሉ ደግ ነበር ማለቴ አይደለም፤ ገና የተወለደን ልጅ ቅቤ ማስዋጥ የሚባል ክፉ ልማድ ነበረን። ሕፃን ስድስት ወር እስኪሞላው ከጡት በቀር ውኃም ቢሆን አያስፈልገውም። ይህን የምለው

የሦስት ልጆች እናት፦ ጋሼ ይቅርታ፣ ልጅቷ እያለቀሰች ነው።

ጡረተኛው መምህር፦ ዓረፍተ ነገሬን ልጨርስ እንጂ።

የአጋሮ ልጅ፦ እኔ የበርበሬው ነገር አልተዋጠልኝም። ወፍጮ ውስጥ የቀረ በርበሬ ቢኖር መጀመሪያ በወጣው ዱቄት ላይ ነው የሚበዛው፣ አምስት ኪሎ ሲደባለቅ ይሳሳል። ለማንኛውም መገመት አያስፈልግም። አንድ ማንኪያ ዱቄት በውኃ ብቻ አብስለሽ ራስሽ ቅመሺው፣ ጥቂት ደቂቃ ጠብቂ። የሚያቃጥል ከሆነ አንቺንም ያቃጥልሻል። ሌላው ጥያቄ፦ ከዚህ በፊት ከዚሁ ዱቄት በልታ ነበር?

የሕርማታ እናት፦ አዎ፣ ዛሬ ጠዋት በልታለች፣ ምንም አላለችም። ግን ዱቄቱ ሲወሰድ ከታች የነበረው ይሆናል ያቃጠላት።

የአጋሮ ልጅ፦ የጠዋቱና የአሁኑ ገንፎ በምን ይለያያሉ?

የሕርማታ እናት፦ በምንም። ያው ዱቄት፣ ያው ድስት። አሁን ትንሽ ጎደሬ ፈጭቼ ጨምሬበታለሁ እንጂ። እሱ ደግሞ ከጓሯችን የተነቀለ ነው፣ ማዳበሪያም መድኃኒትም ነክቶት አያውቅም።

የሦስት ልጆች እናት፦ ጡቱን አታቋርጪባት፣ ከዘይቱ በኋላ ከንፈሯን አትሺው።

የአጋሮ ልጅ፦ ይኸው! ጎደሬውን ለምን ያህል ጊዜ ቀቀልሽው?

የሕርማታ እናት፦ ሹካ እስኪገባው። መብራት ጠፋብኝና ቶሎ አወረድኩት። ምነው?

የጓሮ ገበሬ፦ ከግብርና የተመረቅኩ ነኝ፣ ልግባበት። ጎደሬ ውስጥ ካልሲየም ኦክሳሌት የሚባል በዐይን የማይታይ መርፌ መሰል ነገር አለ። በደንብ ያልበሰለ ጎደሬ አፍንና ጉሮሮን የሚወጋው፣ ስንልጠውም እጃችንን የሚያሳክከው በእሱ ነው። በርበሬ የሚያቃጥለው በኬሚካሉ ነው፣ ይህ ግን ቃል በቃል ይወጋል። ትልቅ ሰው ጉሮሮው ሲከረከር ውኃ ጠጥቶ ይረሳዋል፣ የሕፃን አፍ ግን ስስ ነው። ማዳበሪያ አለመንካቱ መርፌውን አያወጣለትም፤ ተክሉ ራሱን ከበላተኛ ለመከላከል የሠራው ነው። ሹካ መግባቱ አይበቃም። ልጠሽ፣ ከትፈሽ፣ በብዙ ውኃ እስኪፈርስ ድረስ ቀቅለሽ ውኃውን መድፋት ነው። ካልፈረሰ ለሕፃን አይቀርብም።

የሕርማታ እናት፦ እኛ ሁልጊዜ ጎደሬ እንበላለን፣ ማንንም ነክቶ አያውቅም። አማቴም በርበሬው ነው፣ ባለ ወፍጮውን አልለቀውም እያሉ ነው።

ተረኛ ነርስ፦ አማትሽን ለጊዜው ከወፍጮ ቤቱ አስቀሪልን። ሁለቱንም ለየብቻ ቅመሽ ማጣራት ትችያለሽ። እስከዚያ ጎደሬውንም ምጥኑንም አቁሚ፣ ዛሬ ጡት ብቻ ይበቃታል። ጉሮሮዋ እየከበደ ከሄደ፣ ምራቋ መፍሰሱን ካላቆመ፣ መጥባት እምቢ ካለች ወይም ካበጠች ሌሊትም ቢሆን ወደ ሐኪም ውሰጃት።

ስለ ምጥኑ ካነሣሽው ደግሞ፦ ዐሥራ ሁለት ዓይነት እህል በአንድ ጊዜ ስትጀምሪ አንዱ ቢያስከፋት የትኛው እንደሆነ በምን ታውቂያለሽ? አዲስ ምግብ አንድ በአንድ ነው የሚለመደው፣ በመካከሉ ጥቂት ቀን እየጠበቅሽ። ለገንፎ ደግሞ ሦስት እጅ እህል ላይ አንድ እጅ ጥራጥሬ ይበቃል፤ ጤፍና ምስር ብቻውን ጥሩ ነው። ከስድስት ወር በኋላ የሚጎድላት ብረት የሚባለው ንጥረ ምግብ ነው፣ እሱን ከእህል ብቻ መጠበቅ አይቻልም። በደንብ የበሰለ እንቁላል፣ ሲገኝም በደንብ በስሎ የደቀቀ ሥጋ ወይም ጉበት ጨምሪላት። በዚህ ዕድሜ በቀን ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ምግብ፣ የቀረው ጡት።

የጅሬን ልጅ፦ አቮካዶስ? እዚህ ጅማ ዛፉ ሥር ወድቆ እየበሰበሰ እናንተ ወፍጮ ቤት ትሰለፋላችሁ።

ተረኛ ነርስ፦ በዚህኛው ትክክል ነህ። አቮካዶ፣ ሙዝ፣ ፓፓያ በሹካ መፍጨት ብቻ ነው የሚጠይቁት።

የጓሮ ገበሬ፦ ለውዙን በተመለከተ አንድ ነገር ልጨምር። የተጨማደደ፣ የጠቆረ ወይም የሻገተ ፍሬ ካለበት አትጠቀሙበት። የሻጋታው መርዝ አፍላቶክሲን ይባላል፣ በመቁላት አይጠፋም፤ በቆሎም እንደዚሁ ነው። ሻጋታም እኮ ኦርጋኒክ ነው።

የጊንጆ አባት፦ ከርእስ ልውጣና ጅማ ውስጥ በርበሬ የማይፈጭበት ወፍጮ ቤት የሚያውቅ አለ? እኛም ልጃችን ስድስት ወር ልትደፍን ነው።

የሦስት ልጆች እናት፦ ወንድሜ፣ የማይፈጭበት ከምትፈልግ ጠዋት ሲከፈት ድረስ፣ ያውም በሐሙስ ገበያ አይሁን። ከልጅህ እህል በፊት ሁለት ሦስት ጭብጥ ርካሽ በቆሎ ይዘህ አስፈጭና ወፍጮውን ይጥረግልህ፣ ያንን ዱቄት ለዶሮ ስጠው። ከእህልህ የሚወጣውንም የመጀመሪያውን ዱቄት ለይተህ ለአዋቂ አድርገው። ባለ ወፍጮው ይነጫነጫል፣ ዝም በለው።

ጡረተኛው መምህር፦ ወይም በሙቀጫ። ይህንኑ ልነግራችሁ ነበር ያቋረጣችሁኝ።

የአጋሮ ልጅ፦ የሕርማታ እናት፣ ጎደሬውን ቀመስሽው? ልጅቷስ እንዴት ሆነች?

ቡና አፍይ፦ ጠፋች። አማትየው ወፍጮ ቤት ሳይሄዱ አልቀሩም።

የጊንጆ አባት፦ ዱቄቱ በርበሬ ከሌለበት ግማሹን እኔ ካንቺ እገዛለሁ፣ በዚሁ ጻፊልኝ።